የገጹ ግርጌ

የአዲሱ የኮንሰርት ወቅት ፕሮግራም ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዕለት ኦርኬስትራው ውስጥ ሥራ ተሠራ ብሎ የሚያወራ ሰው ካለ ዋሽቷል። ሁሉም መሣሪያውን እንደታቀፈ ኮሪደሩ ላይ ተኮልኩሎ፣ አንገቱን አስግጎ፣ የፊተኛውን ትከሻ እየገፋ ያነባል። ደግሞ ማንም ፕሮግራሙን እንደ ፕሮግራም አያነበውም፤ የሚያየው የራሱን ጣጣ ነው። ጥሩምባ ነፊው ከንፈሩን እየዳሰሰ "የክረምቱ ኮንሰርት ሊገድለኝ ነው" ይላል። ቼሎ ተጫዋቾቹ ስለ መዝጊያው ኮንሰርት አውርተው አይጠግቡም፤ ለነሱ የተጻፈ የሚያምር ዜማ አለበት። ትልልቆቹን ከበሮዎች የሚመታው፣ ሁሉም ነጎድጓድ የሚሉት ሰውዬ፣ ለመክፈቻ የተመረጠውን ሲምፎኒ አይቶ ፊቱ በራ። በዚያ ሲምፎኒ ውስጥ ሦስቱን ክፍል እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ አራተኛው ላይ ብቻ ነው የሚነሣው።

"ትራስ አምጡልኝ" አለ ነጎድጓድ። "አራተኛው ክፍል ሲደርስ ቀስቅሱኝ።"

እቱ ከኋላ ቆማ ሳቋን ዋጥ እያደረገች ትሰማለች። እቱ ብሎ የጠራት ወንድሟ ነበር፤ ሰውም ከሱ ቀበል አድርጎ ይኸው ፀጉሯ ሸብቶም፣ ልጆቿን ድራም፣ የአዳራሹ ጥበቃ ሳይቀር እቱ ነው የሚላት። ወንድሟን ደግሞ እሷ ጋሼ ስለምትለው የሁሉም ጋሼ ሆኖ ቀረ። ቫዮሊኖቹ አንደኛና ሁለተኛ ተብለው በሁለት ይከፈላሉ፤ ጋሼ የሁለተኛ ቫዮሊኖቹ አለቃ ነው። እቱ አጠገቡ ተቀምጣ ትጫወታለች፤ ወንድምና እህት አንድ የኖታ መቆሚያ ሲጋሩ ሃያ ምናምን ዓመት ሆኗቸዋል። ባሏ ሰው ፊት ሲቀልድ "ከኔ ጎን ከተቀመጠችው ከወንድሟ ጎን የተቀመጠችው ይበልጣል" ይላል። ቀልድም አይደል፣ እውነቱን ነው።

ቫዮሊን ተጫዋቾች ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚቀመጡት። በተመልካቹ በኩል ያለችው የዳር ወንበር ትባላለች፣ ሌላዋ የውስጥ። የዳሩ ሰው ገጹ እስኪያልቅ ሳያቋርጥ ይጫወታል። የውስጡ ግን ገጹ ሊያልቅ ሁለት መስመር ያህል ሲቀረው መጫወቱን ትቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ገጹን ይዞ ይጠብቅና ልክ በሰዓቱ ይገልጣል። ከዚያ ቶሎ ብሎ ይገባል። እንዲህ ሲሆን ድምፁ አይቆረጥም፣ ተመልካቹም ምን እንደተደረገ አያውቅም። የፊተኛው ጥንድ የዳር ወንበር የአለቃው ነው፤ ስለዚህ ጋሼ ዳር፣ እቱ ውስጥ። እቱ በገጽ አገላለጧ ትኮራለች። ወረቀቱ አይንኮሻኮሽም፣ መቆሚያው አይነቃነቅም፣ ጋሼም ዓይኑ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሲያልፍ ገጽ መለወጡን ልብ አይልም።

ያን ዕለት ሰው ከኮሪደሩ ሲበተን የኦርኬስትራው መሪ በሩን ገርበብ አድርጎ ጠራት። መሪው ወጣት ነው፤ በእቱ ዓይን ነው ታዲያ፣ ለራሱማ ፀጉሩ መሳሳት ጀምሯል። ቢሮው ውስጥ ኖታ ያልተቆለለበት ወንበር ስላልነበረ አንዱን ቁልል አንሥቶ ወለሉ ላይ አኖረና አስቀመጣት። እሱ ቆሞ ቀረ።

"በዚህ ወቅት ሁለተኛ ቫዮሊኖቹን እርስዎ እንዲመሩልኝ እፈልጋለሁ" አላት።

እቱ ወንበሯ ላይ ቀና አለች። "ጋሼስ?"

"ጋሼ አጠገብዎ ይሆናሉ፣ የውስጥ ወንበር ላይ። ድምፃቸው አሁንም ማር ነው፣ እሱን ማጣት አልፈልግም። ግን አገባባቸው ዘገየ። ካለፈው ወቅት ወዲህ እኮ ሁለተኛ ቫዮሊኖቹ የሚገቡት በእሳቸው ቀስት አይደለም።"

"በምን ነው ታዲያ?"

"በእርስዎ ትንፋሽ" አለ መሪው። "ከመግባታችሁ በፊት በአፍንጫዎ ሳብ ያደርጉታል። እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። ከኋላ ያሉት ሁሉ እሱን ነው የሚጠብቁት።"

እቱ ፊቷ ጋለ። ያቺን ትንፋሽ ለጋሼ ብቻ የምታደርጋት ይመስላት ነበር። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ጋሼ ለመግባት ሲያመነታ አይታ ሳታስበው ሳብ አደረገች፣ እሱም ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆኖ ቀረ። ማንም አያውቅብንም ስትል ለካ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲሰማት ከርሟል።

እውነት እውነቱን ከተባለ ግን ደስ አላት። ዕድሜዋን ሙሉ አንድም ቀን የዳር ወንበር ይገባኛል ብላ ባታውቅም፣ ይገባሻል ሲሏት ልቧ ሞቅ አለ። ሞቅ ብሎ ግን አልቆየም። ጋሼ ስንት ጊዜ "የዳር ወንበሩን የለቀቅሁ ዕለት ቫዮሊኔን ሰቅዬ ቲማቲሜን ነው የምኮተኩተው" ብሏል። እየሳቀ ነው የሚለው፤ ነገር ግን ጋሼ የማያደርገውን ነገር ለቀልድ እንኳ እንደማይናገር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ወንበሩን ከተቀበለች ጋሼ ሊሄድ ነው። ጋሼ የሌለበት ኦርኬስትራ ደግሞ ምኗ ነው?

"እኔ ራሴ ልንገረው" አለች።

"እስከ መጀመሪያው ሙሉ ልምምድ ድረስ ይንገሯቸው። ከከበደዎት እኔ..."

"አይከብደኝም" አለችና ወጣች። ከበዳት እንጂ እንዴት አይከብዳትም።

ወንድምና እህት ወደ ቤት የሚሄዱት በአንድ አውቶቡስ ነው። ቫዮሊኖቻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጎን ለጎን ተቀመጡ። እቱ ከመስኮቱ ውጪ እያየች ቃላት ስታነሣና ስትጥል ቆየችና ነገሩን ከሩቅ ጀመረችው።

"ጋሼ፣ ይሄ መሪያችን ዘንድሮ ለውጥ የሚያበዛ አይመስልህም?"

"ልጅ ነው፣ ይለውጥ" አለ ጋሼ። "ወንበሬን ካልነካ ምን ቸገረኝ።"

እስኪወርዱ ድረስ ስለ አየሩ አወሩ። በማግስቱ ደግሞ በሌላ በኩል ልግባ ብላ ስለ ቲማቲሙ ጠየቀችው።

"ምን ቲማቲም አለ? ቀንድ አውጣ ጨረሰው።"

እቱ ውስጥ ውስጡን ተስፋ አደረገች። ሰው የቀንድ አውጣ ቀለብ ሊኮተኩት ብሎ ቫዮሊን አይሰቅልም መቼም። ጋሼ ግን ቀጠለና "ቁጭ ብዬ የምጠብቀው ጊዜ ሳገኝ ነው የማሳየው፣ አንድ በአንድ ነው የምለቅመው" አለ። እንደገና ኩም አለች።

ኦርኬስትራ ውስጥ ወሬ ከሙዚቃው ቀድሞ ነው የሚደርሰው። መሪው ለማንም አልተናገረም፣ እቱም አልተነፈሰችም፤ ነጎድጓድ ግን ሰምቶ ነበር። ሻይ ሲጠጡ ወንበሩን እየጎተተ አጠገቧ መጣ።

"እቱ፣ ያ ነገር እውነት ነው?"

"የቱ ነገር?"

"እሺ፣ አላውቅም በይ" አለ ነጎድጓድ ስኳሩን እያማሰለ። "እኔ ምን አገባኝ፣ ሦስት ክፍል ሙሉ ተቀምጬ ሰው ከማየት በቀር ሥራ የለኝም። ግን ጋሼ ከሌላ ሰው ሳይሰማ ካንቺ ይስማ። ከሌላ ከሰማ ሁለታችሁንም አጣናችሁ።"

ነጎድጓድ ቁም ነገር ሲናገር ያስፈራል፣ ልማዱ አይደለማ። እቱ ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች።

በዚያው ሳምንት ጋሼ ጥርሱ አሰቃይቶት ሊያስነቅል ሄደ። የባለአውታሮቹ ብቻ የሆነ ልምምድ ነበርና መሪው ክፍሉን ቃኘት አድርጎ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ "እቱ፣ ለዛሬ ዳር ይሁኑ፤ መነጽራሟ አጠገብዎ ትምጣ" አለ። መነጽራሟ ከሁለተኛው ጥንድ የምትጫወት ባልደረባቸው ናት። እቱ ተነሥታ አንዲት ወንበር ተሻገረች። አንዲት ወንበር ናት፤ ከዚያ ሲያዩት ግን አዳራሹ ሌላ ነው። ባዶዎቹ የተመልካች መቀመጫዎች ጉንጯ ሥር መጡባት፣ ኖታው በሌላ ጎን ሆነባት፣ የመሪው ዓይንም ቀጥታ እሷ ላይ አረፈ።

መግቢያውን አስገባቻቸው። አማረላት። ከኋላዋ ያለው ድምፅ ተከትሏት ሲመጣ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ከፍ አለ፤ ገጹን ግማሽ ያህል እንደዚያ ሆና ተጫወተች፤ እንዲህ ደስ ብሏት ከተጫወተች ቆይታለች። ከዚያ ገጹ ሊያልቅ ሁለት መስመር ቀረው። የእቱ እጅ ማንንም ሳያማክር መጫወቱን ተወና ወደ ወረቀቱ ሄደ። የመነጽራሟም እጅ ሄደ፤ ሥራዋ ነዋ። ሁለት እጅ አንድ ገጽ ላይ ተገናኘ። እቱ ወደ ላይ፣ መነጽራሟ ወደ ጎን ሳቡት። ወረቀቱ ሸርከት ብሎ ተቀደደ፣ ኖታው ከመቆሚያው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። የፊተኛው ጥንድ ዝም ሲል ከኋላ ያሉት አለቃቸውን አይተው ዝም አሉ፣ አንደኛ ቫዮሊኖቹም ሁለተኛዎቹን ሲያጡ ቆሙ። ከቫዮሊን ተለቅ ያለ መሣሪያ የያዙት ቫዮላዎቹ ብቻ ጉዳዩ ስላልገባቸው ትንሽ መንገድ ብቻቸውን ሄዱ።

ሁሉም ሳቀ፣ እቱም ሳቀች። ወረቀቱን በማጣበቂያ አያይዘው ከገጹ አጋማሽ ጀመሩ። ግርጌው ሲቃረብ እቱ እጇን በግድ ያዘችው፣ አልሄደም። መነጽራሟ ጎንበስ አለች። አሁን እንግዲህ የምትጫወተው እቱ ብቻ ናት። ያኔ ነው ጉዱ የፈላው። የምትጫወተው የለም። ማለት አለ፣ ኖታው ፊቷ ነው፤ ግን ጣቶቿ አያውቁትም። ዕድሜዋን የተጫወተችው ሲምፎኒ እዚህ ጋ ሲደርስ የባዕድ ሰው ጽሑፍ ሆነባት፤ እንደ ጀማሪ እየተንተባተበች፣ አንዱን ስትይዝ ሌላው እያመለጣት፣ እንደምንም ወደሚቀጥለው ገጽ ተሻገረች። ላብ አጠመቃት።

ቤቷ ገብታ የወቅቱን ኖታ ሁሉ ወለሉ ላይ ዘረጋችው። የመክፈቻውን ሞከረች፣ የክረምቱን ሞከረች፣ የመዝጊያውን ሞከረች። በሁሉም ያው ነው፤ ገጹ እስከ ታች ድረስ ይፈሳል፣ ግርጌው ላይ ይደርቃል። ነገሩ ቆይቶ ገባት። ልምምድ ላይ እዚያ ጋ ስትደርስ ታቆማለች። ኮንሰርት ላይ ታቆማለች። ቤቷ ብቻዋን ስትለማመድም የሚገልጥላት የለምና ያው ሁለት መስመር ሲቀረው አቁማ ራሷ ትገልጣለች። እና እነዚያን መስመሮች መቼ ተጫውታቸው ታውቃለች? ሙዚቃውን ሁሉ አውቀዋለሁ ብላ የኖረች ሴት፣ ሙዚቃዋ ብል እንደበላው ሹራብ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ። አፈረች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ የሚመጣውን አስባ ፈራች።

የነዚያን መስመሮች የጣት አካሄድ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያንን ሰው ደግሞ ለምን እንደፈለገችው ሳትነግረው ልትጠይቀው አትችልም።

በማግስቱ ቫዮሊኗንና ኖታዎቹን ተሸክማ ጋሼ ቤት ሄደች። በሩን የከፈተችላት የጋሼ ሚስት፣ እትዬ፣ እጇ በሊጥ ነጭ ሆኖ ነበር።

"ጓሮ ነው ያለው" አለች እትዬ። "ጥርሱን ከተነቀለ ወዲህ ከሾርባ ሌላ አይበላም፣ ከቀንድ አውጣ ሌላ ሰው አያናግርም።"

ጋሼ አንዱ ጉንጩ አብጦ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የዘመመ የቲማቲም ግንድ በክር እያሰረ ነበር። ሲያያት በደኅናው ጉንጩ ፈገግ አለ። እቱ እንደ ወትሮው ዳር ዳር ብትል ልቧ እንደሚከዳት ስላወቀች ቆማ ሳለች ተናገረችው።

"ጋሼ፣ የገጾቹን ግርጌ አስጠናኝ።"

"የምኑን?"

"የገጾቹን ግርጌ። እኔ ስገልጥ አንተ ብቻህን የምትጫወተውን።"

ጋሼ ጉንጩን ይዞ ሳቀ፣ አሳመመው። "ምን ይሠራልሻል? እዚያ ጋ አንቺ እጅሽ ወረቀት ላይ አይደለም እንዴ?"

ጋሼ ሞኝ አይደለም። ኖታዎቹን አየ፣ እሷን አየ፣ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሄደ።

"መሪው ነው?"

"እሱ ነው።"

"መቼ ነገረሽ?"

"ፕሮግራሙ የተለጠፈ ዕለት።"

"እስከ ዛሬ ሆድሽ ቻለው?" አለ ጋሼ። ክሩን ጣቱ ላይ ጠመጠመ። "የከፋኝ ወንበሩ አይደለም፣ አለመንገርሽ ነው።" ራሱን ነቀነቀ። "ውሸቴን ነው። ወንበሩም ነው።"

ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ግንዱ ተመለሰ። እቱ ወጥ ቤት ገብታ እንባዋ መጣ። እትዬ ሊጡን እያሸች ትንሽ አስለቀሰቻትና ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችላት።

"ተይው፣ ይብረድለት" አለች። "ያላወቀው ነገር አልሆነበትም። ከልምምድ በመጣ ቁጥር ምን ይለኛል መሰለሽ? 'ዛሬም እቱ ተነፈሰችልኝ' ነው የሚለው።"

"ያውቃል?"

"እንዴት አያውቅም? አጠገቡ አይደለሽም?"

ስንት ጊዜ እንዳይታወቅበት ስትጠነቀቅ፣ እሱም እንዳይታወቅባት ሲጠነቀቅላት ኖሯል ማለት ነው። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ሊጡን ልታግዝ ስትል ጋሼ ከጓሮ ገባ። ማንንም ሳያይ እጁን ታጠበ፣ አደረቀ፣ ወደ ሳሎን አለፈ። ቫዮሊኑን ሲያስተካክል ተሰማ።

"ከመክፈቻው እንጀምር" አለ ከውስጥ። "ገጽ አንድ፣ ከታች።"

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ የገጽ ግርጌ ሲጫወቱ ዋሉ። ጋሼ ያሳያታል፣ እሷ ትደግማለች፤ "አራተኛውን ጣት አትፍሪው" ይላታል፤ "እዚህ ጋ አትቸኩዪ፣ ጥሩምባው ይጠብቅሻል" ይላታል። የመክፈቻው ሲያልቅ ወደ ክረምቱ፣ የክረምቱ ሲያልቅ ወደ መዝጊያው። የወቅቱ ሙዚቃ በሙሉ ቁርጥራጭ ቁርጥራጩ ብቻ ተጫወተ። እትዬ በመጨረሻ ትዕግሥቷ አልቆ ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

"ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው? ልቤ ከፍ ሲል ትቆርጡታላችሁ።"

ጋሼ ቫዮሊኑን ጭኑ ላይ አወረደው። የዚያኛውን ገጽ ግርጌ በቀስቱ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

"እኔንም እንደዚያ ነው የሚያደርገኝ" አለ። ለእትዬ ይመልስ እንጂ የሚያየው እቱን ነበር። "ከኋላዬ ክፍሉ ሁሉ ይጫወታል፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው ነው። እዚህ ጋ ስደርስ ግን ትጠፊብኛለሽ። ሁለት መስመር ብቻ ናት፣ አውቃለሁ። ተመልሰሽ እስክትገቢ ግን ትከሻዬ አይወርድም።"

እቱ እኮ ያንን ሰዓት ሁሉ አጠገቡ ነበረች፣ ያውም ለእሱ ብላ ጎንበስ ብላ። ልትጠይቀው የፈለገችው አንድ ነገር ነበርና ቫዮሊኗን ሳጥኑ ውስጥ እያስተኛች ጠየቀችው።

"ለልምምዱ ትመጣለህ?"

"ጥርሴን እያመመኝ ነው" አለ ጋሼ። "አሁን አታናግሪኝ።"

የመጀመሪያው ሙሉ ልምምድ ጠዋት እቱ ሳትቀደም ደረሰች። የዳር ወንበር ላይ ተቀምጣ ኖታውን አስተካከለች፣ ደግማ አስተካከለች። ሰው ገባ፣ ወንበሮች ተንቋቁ፣ ነፊዎቹ መሣሪያቸውን እፍ እፍ አሉበት፣ ነጎድጓድ ከኋላ በከበሮዎቹ መሀል ቁጭ ብሎ በዓይኑ "ነገርሽው?" አላት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። የውስጥ ወንበር ባዶ ነው። መሪው ወጣ፣ ኖታውን ገለጠ፣ ባዶውን ወንበር አይቶ እቱን አያት። በቃ፣ አለች በልቧ፣ ቲማቲሙ ጋ ቀረ። መነጽራሟ ልትመጣላት ግማሽ ብድግ ብላ ነበር።

የጎን በር ተከፈተ። ጋሼ የቫዮሊኑን አንገት ይዞ በወንበሮቹ መሀል እየተሹለከለከ መጣ፣ ጉንጩ ገና አልጎደለም። እግሩ በልማድ ወደ ዳር ወንበር አመራ። እቱ ሳታስበው ልትነሣለት ስትል ትከሻዋን በእጁ ጫን አደረጋት፣ በጀርባዋ ዞሮ አለፈና የውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ደህና አደርሽም አላላትም። ኖታውን ትንሽ ወደ እሷ ገፋ አደረገላት።

መሪው እጁን አነሣ፣ ገቡ። እቱ የገጹን ራስ እንዴት እንደተጫወተችው አታውቅም። ሀሳቧ ሁሉ ግርጌው ላይ ነበር። ሁለት መስመር ሲቀር ጋሼ በሰዓቱ አቆመ፣ ጎንበስ አለ፣ ጣቱን አርሶ ወረቀቱን ያዘ። እቱ ግርጌውን ጀመረች። ጣቶቿ ያውቁታል፣ ጋሼ አስጠንቷታል። ሊያልቅላት ሲል ጋሼ ገለጠ። ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገለጠ። ፊቷ የመጣው የሌላ ክፍል ሙዚቃ ነው። እቱ ያየችውን ተጫወተች፣ ከኋላዋ ያሉት ሌላ ተጫወቱ፣ ድምፁ እርስ በርሱ ተፋጠጠና ሞተ።

ማንም አልሳቀም። እቱ ወረቀቱን ስትቀድ ስቀው ነበር፤ ይሄ ግን ጋሼ ነው፣ ጋሼ ሲሳሳት ያየ ሰው እዚያ ውስጥ የለም። የጋሼ አንገት እስከ ጆሮው ቀላ። ቫዮሊኑን ወንበሩ ላይ አኖረና ተነሥቶ ቆመ። እቱ እጅጌውን ልትይዘው እጇን ሰደደች፣ አልደረሰችም። ሊሄድ ነው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በእኔ ምክንያት።

ጋሼ መሪውን አየ፣ ዞሮም ክፍሉን አየ።

"ይቅርታ" አለ። "ለሥራው አዲስ ነኝ።"

መጀመሪያ የሳቀው ነጎድጓድ ነበር፣ ሳቁም እንደ ስሙ ነው። ከዚያ ሁሉም ተከተለው፤ ቫዮላዎቹም እንኳ በዚህ ጊዜ አልዘገዩም። እቱ እየሳቀች ዓይኗ ደፈረሰባት፣ ኖታው ሁሉ ውኃ ሆነባት። ጋሼ ተቀመጠ፣ የተጣበቁትን ቅጠሎች በጥፍሩ ለያየ፣ ወደ ኋላ መለሳቸው። መሪው ከየት እንደሚጀመር ሊናገር እጁን ሲያነሣ ጋሼ አላየውም። ወደ እቱ ነው ዘንበል ያለው።

"ከየት እንጀምር?" አላት።

ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ይህንን የምትጠይቀው እሷ ነበረች።

"ከግርጌው" አለች።

መሪው ሰምቶ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፣ ለሁሉም ቦታውን ተናገረ። ጀመሩ። እቱ ሁለቱን መስመር ተጫወተች፤ ከኋላዋ ክፍሉ ሁሉ ነበር፣ ነገር ግን በጎኗ በኩል የነበረው ማር የመሰለ ድምፅ ቀጥ ብሎ ጠፋ፣ የወረቀቱ መንኮሻኮሽ ብቻ ቀረ። ጋሼ እውነቱን ነው፣ ብቻን ያስቀራል። ገጹ ተገለጠ፣ አንድ ቅጠል ብቻ። ጋሼም ተመልሶ ገባ።